ርካሽ አየር መንገዶች፣ የአውሮፕላን ለውጥና የመቀመጫ ምቾት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የሚነሱ መንገደኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከአካባቢያቸው ተነስተው ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ሰዎች ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ዋጋ ናቸው፤ ከተመለሱ በኋላ የሚያነሷቸው ግን ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጆሯቸውና ስለ ሻንጣቸው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል በሚል እምነት መልሶቹ ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ከድሬዳዋ በቀጥታ በርካሽ አየር መንገድ መብረር ይቻላል?

ከአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ እርሱም መደበኛ እንጂ በርካሽ አየር መንገዶች ተርታ የሚመደብ አይደለም። ርካሽ አየር መንገድ የሚፈልግ መንገደኛ በአብዛኛው ቦሌ ደርሶ ነው የሚሳፈረው፤ ወደ ዱባይ የሚበረው ፍላይዱባይ ለዚህ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ጉዞው በተግባር ሁለት ጉዞ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የአገር ውስጥ በረራና አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የውጭ በረራ፣ በሁለት የተለያዩ አውሮፕላኖች፣ ብዙ ጊዜም በሁለት የተለያዩ ቲኬቶች። ቲኬቶቹ ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ሻንጣዎን ቦሌ ላይ ተረክበው እንደገና ማስመዝገብ ይኖርብዎታል፤ የድሬዳዋው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎትም ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት አይወስድም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ጊዜ መተው የግድ ነው፤ የሚቻል ከሆነ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መግባት ይመረጣል።

ርካሽ አየር መንገዶች ለምን በአንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ይሠራሉ? ለምንስ ይቀይሩታል?

አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ያለው ድርጅት አብራሪዎቹንና ቴክኒሻኖቹን አንድ ጊዜ አሠልጥኖ በየትኛውም በረራ ላይ ሊያሰማራቸው ይችላል፤ መለዋወጫውም አንድ ዓይነት ስለሆነ መጋዘኑ ይቀልለታል፤ አንዱ አውሮፕላን ቢበላሽ ሌላው ያለ ችግር ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ሳውዝዌስት ይህን መንገድ በቦይንግ 737 ከቀየሰ በኋላ የአየርላንዱ ራያንኤር ተከትሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 መብረር የጀመረው ፍላይዱባይም በ737-800 ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ወደ 737 ማክስ ተሸጋግሯል። የእንግሊዙ ኢዚጄት ደግሞ በ737 ጀምሮ ኋላ ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤርባስ ዞሯል።

ለውጡን የሚያመጣው በዋናነት ነዳጅ ነው። አምራቹ እንደሚገልጸው ማክስ ከቀደመው 737-800 ይልቅ በነዳጅ ፍጆታ ወደ 14 በመቶ ይቀንሳል፤ የትርፍ ህዳጉ ቀጭን ለሆነ ድርጅት ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ለውጡ በታሰበለት ቀን አይፈጸምም። ቦይንግ አውሮፕላኖችን በማስረከብ ረገድ ለዓመታት ዘግይቷል፤ በኤርባስ በኩልም እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች ክፍሎች በተሠሩበት የብረት ዱቄት ላይ ጉድለት በመገኘቱ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኤ320 ኒዮ አውሮፕላኖች ለምርመራ መሬት ላይ ቆመዋል። እንዲህ ሲሆን አየር መንገዱ ሊያሰናብተው የነበረውን አሮጌ አውሮፕላን ያቆያል፤ አለዚያም ከነአብራሪዎቹና ከነአስተናጋጆቹ ከሌላ ድርጅት ይከራያል። መንገደኛው የአንዱን ስም ቲኬቱ ላይ አንብቦ የሌላውን ስም አውሮፕላኑ ላይ ሲያይ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አሠራሩ ግን ሕጋዊና የተለመደ ነው።

አዲስ አውሮፕላን ገባ ሲባል መቀመጫው ሰፋ ማለት ነው?

አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነጥብም ይኸው ነው። ማስታወቂያው የሚያሳየን አዲሱን ቀለም፣ የጣሪያውን መብራትና የሻንጣ ሣጥኑን ስፋት ነው፤ የጉልበት ቦታን የሚወስነው ግን የአውሮፕላኑ ዕድሜ ሳይሆን አየር መንገዱ በዚያው ርዝመት ውስጥ ስንት ረድፍ ለመደርደር መወሰኑ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቦይንግ 737-800 በአንድ ማዕረግ ብቻ ሲደረደር እስከ 189 መቀመጫ ይይዛል፤ ራያንኤር ለዓመታት የበረረው በዚህ ቁጥር ነው። ወደ አዲሱ የማክስ ዓይነት ሲሸጋገር ተጨማሪ የአደጋ ጊዜ በር ያለው አውሮፕላን አሠርቶ መቀመጫውን ወደ 197 አሳደገ። ሳውዝዌስት በበኩሉ በዚያው በ737-800ም ሆነ በማክስ 8 ላይ ለረጅም ጊዜ የደረደረው 175 ብቻ ነበር። ፋብሪካው አንድ፣ የአውሮፕላኑ ቤተሰብ አንድ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ውስጥ የተቀመጠ ረጅም ሰው የሚሰማው ስሜት ለየቅል ነው። የሃንጋሪው ዊዝ ኤር ደግሞ በኤ321 ኒዮ ላይ 239 መቀመጫ ይጭናል።

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚለኩት ከአንድ ወንበር አንድ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ወንበር ተመሳሳይ ነጥብ ያለውን ርቀት ነው። ይህ ርቀት በጠባቦቹ ርካሽ አየር መንገዶች 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከለኞቹ ከ29 እስከ 30 ኢንች ሲሆን፣ 32 ኢንች ወይም 81 ሴንቲ ሜትር ከተገኘ እንደ ልብ ያስቀምጣል። የወንበሩ ጀርባ ቀጭን ሆኖ ከተሠራ በ29 ኢንች ውስጥም የቀድሞውን ያህል የጉልበት ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ቅናሹ የሚመጣው ከትራሱ ነው። በአንድ ሰዓት በረራ ልብ የማይባለው ቀጭን ትራስ በአራተኛው ሰዓት ላይ ወገብ ይነግረዋል።

ወርዱን በተመለከተ አየር መንገዱ ብዙም ምርጫ የለውም፤ የአውሮፕላኑ ገላ ይወስነዋል። 737 በአንድ ረድፍ ስድስት ሰው ሲያስቀምጥ ለአንዱ 17 ኢንች ገደማ ይደርሰዋል፤ ገላው ትንሽ ሰፋ ያለው ኤ320 ግን በዚያው ስድስት ሰው 18 ኢንች ገደማ ይሰጣል። የሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩሉ ልዩነት በወረቀት ላይ ኢምንት ቢመስልም ሦስት ትከሻ በአንድ ረድፍ ሲገጥም በግልጽ ይታወቃል። ትልቅ አውሮፕላንም ሁልጊዜ ሰፊ ወንበር አያስገኝም፤ ቦይንግ 787 መጀመሪያ የታሰበው በአንድ ረድፍ ስምንት ሰው እንዲያስቀምጥ ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ዘጠኝ ስለሚደረድሩበት የእርሱም ወንበር ወደ 17 ኢንች ወርዷል። ፍላይዱባይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ሠላሳ 787-9 አውሮፕላኖች ማዘዙን ሲያስታውቅ የተደሰቱ መንገደኞች ይህን አብረው ሊያስቡበት ይገባል።

ቦታው ለእኔ እንደሚበቃኝ አስቀድሜ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ቀላል ነው። ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው በእንጨት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከግድግዳው እስከ ጉልበትዎ ጫፍ ያለውን ርዝመት በልብስ ሰፊ ሜትር ያስለኩ፤ ሐረር ላለ ሰው ልብስ ሰፊዎች ወደሚሠሩበት መንገድ ወደ መኪና ግርግር ሄዶ ሜትር መዋስ አስቸጋሪ አይደለም። የተገኘው ለምሳሌ 62 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ71 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ 9 ሴንቲ ሜትር ይተርፍዎታል ማለት ነው፤ ከዚህ ላይ ግን የፊተኛው ወንበር ጀርባ ውፍረት ይቀነሳል፤ በኪሱ ውስጥ ያለው መጽሔትና የውኃ ጠርሙስም ድርሻውን ይወስዳል። ሂሳቡ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ለሰፊ ረድፍ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ መክፈል ብክነት አይሆንም። ቁመትዎ አጭር ከሆነ ግን ያንን ገንዘብ ለሻንጣ ቢያውሉት ይሻላል።

የአንዳንዶቹ ወንበር ወደ ኋላ የማይጋደመው ለምንድን ነው?

የማይጋደም ወንበር ቀላል ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ከኋላ ያለውን ሰውም አያስቀይምም። ራያንኤርና ዊዝ ኤር በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ለአጭር በረራ ተገቢ ውሳኔ ነው እንላለን፤ ለሌሊት በረራ ግን አይደለም።

የምሳፈርበት አውሮፕላን ማክስ መሆኑን ማወቅ እችላለሁ? መጨነቅስ አለብኝ?

ጥያቄው በአገራችን ከሐዘን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በችኮላ የሚመለስ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላን በበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት አልፏል፤ ከአምስት ወር ገደማ በፊትም ተመሳሳይ አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ መለኪያ የተሳሳተ መረጃ ተነስቶ ደጋግሞ መሥራቱ ተረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ማክስ በዓለም ዙሪያ እንዳይበር ታገደ፤ ሥርዓቱም በሁለት መለኪያዎች መረጃ ንጽጽር እንዲሠራ፣ ደጋግሞ እንዳይገፋና ከአብራሪው ጉልበት እንዳይበልጥ ተደርጎ ተሻሻለ፤ አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ግዴታ ተጣለ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት እገዳውን ያነሳው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ነው፤ ፍላይዱባይ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 መልሰው አብርረውታል።

የአውሮፕላኑ ዓይነት ቲኬት በሚቆረጥበት ጊዜ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ ይጻፋል፤ ካልታየ የቲኬት ቢሮውን መጠየቅ መብትዎ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል የተጻፈው እንደ ቃል ኪዳን አይቆጠርም። ዘመድ አዝማድ ያጣ ሰው በዚህ አውሮፕላን አልሳፈርም ቢል ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ሌላ የበረራ ቀን ወይም ሌላ አየር መንገድ መምረጥ ይችላል።

ከድሬዳዋ ወደ ቦሌ የሚወስደው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከጄቱ ያነሰ ምቾት አለው?

ብዙ ሰው ፕሮፔለሩን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ኪው 400 እየተባለ የሚጠራው ዳሽ 8-400 መተላለፊያውን መሃል አድርጎ በግራ ሁለት በቀኝ ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ በሁለት ሰው መካከል ተጨቁኖ የሚቀመጥ የለም። ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ ቁልቁል የሚታየው ነገር አይጋረድም፤ ጎማው ከሞተሩ ሥር ሲወጣና ሲገባ ከመቀመጫዎ ሆነው ማየት ይችላሉ። ከድሬዳዋ ቦሌ በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በፍጥነቱ ከጄት ማነሱም የሚያመጣው የደቂቃዎች ልዩነት ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው ድምፁና ንዝረቱ ሲሆን፣ ይህ ከፕሮፔለሮቹ ትይዩ ባሉት ረድፎች ይበረታል፤ ወደ ኋላ ሲሄዱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ሣጥን ጠባብነት ነው፤ በትልቁ አውሮፕላን የሚገባው ባለ ጎማ የእጅ ሻንጣ እዚህ አይገባም፤ አውሮፕላኑ ሥር ተረክበው ወደ ዕቃ ክፍል ይጭኑታል። ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ወርቅና ገንዘብ በትንሽ ቦርሳ ለይቶ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ ላይ ስናርፍ ጆሮ የሚደፈነው፣ ቦሌ ላይ ስናርፍ ግን ብዙም የማይሰማን ለምንድን ነው?

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የድሬዳዋው ማረፊያ 1,160 ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ በበረራ ላይ ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሆኖ እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ ከቦሌ ከፍታ ጋር ሊገጥም ጥቂት ስለሚቀረው አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ ጆሮ የሚለማመደው ለውጥ ትንሽ ነው። ወደ ድሬዳዋ ሲመጡ ግን ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ከሐረር ተነስተው በደንገጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱ የሚሰማዎት ዓይነት መደፈን ነው፤ በመኪና ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው ቁልቁለት በአውሮፕላን ስለሚያጥር ይጠነክራል። ዱባይ በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች እዚያ ሲያርፉ ለውጡ ከዚህም እጥፍ ይሆናል። ከረሜላ መምጠጥ፣ ማዛጋትና ምራቅ መዋጥ ይረዳል፤ ሕፃን ከሆነ መውረድ ሲጀመር ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ባይበር ይመረጣል።

በዚህ ረገድ 787 በእርግጥ የተሻለ ነው። በውስጡ ያለው አየር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሆኖ ይያዛል፤ ይህም ከሐረር ከተማ ከፍታ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ ሰማይ ላይ ሆኖ ከአዲስ አበባ የተሻለ አየር ይተነፍሳል። ጠባብ ወንበር ያለው አውሮፕላን በአየሩ ሊክስ እንደሚችል የሚያሳይ ነውና ምቾትን በሴንቲ ሜትር ብቻ መለካት አይበቃም።

ሙቀቱና መንገጫገጩስ?

በድሬዳዋ የበጋ ቀትር አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ውስጡ ይግላል፤ ሞተሩ ተነስቶ ማቀዝቀዣው በሙሉ ኃይሉ እስኪሠራ ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጋረጃውን ዝቅ ማድረግና ከራስ በላይ ያለውን የአየር መውጫ መክፈት የሚያስገርም ልዩነት ያመጣል። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ስለሚግል አየሩ እየተነሳ ይናወጣል፤ ከተማዋም ከተራራው ግርጌ በመሆኗ መንገጫገጩ ይበረታል። ሆዱ የሚታወክ ሰው የጠዋቱን በረራ ይምረጥ፤ ክንፍ አጠገብም ይቀመጥ።

ሙቀት ሌላም ጣጣ አለው። አየር በሙቀትና በከፍታ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ለመነሳት ይከብደዋል፤ ቦሌም ከፍታ ላይ ስለሆነ ሙሉ መንገደኛ የያዘ አውሮፕላን ክብደት መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የሚቀረው ሻንጣ ነው፤ በቀጣዩ በረራ ይከተላል።

ለዘመድ የምወስደውን የሐረር ስፌትና ቡና በእጄ ይዤ መግባት እችላለሁ?

በርካሽ አየር መንገድ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚፈቀደው 7 ኪሎ ነው፤ በርካሹ ቲኬት ውስጥም የሚመዘገብ ሻንጣ ላይካተት ይችላል። ቡናው በኪሎ ይጎዳዎታል፤ ስፌቱ ደግሞ በኪሎ ሳይሆን በወርዱ። ክዳን ያለው ትልቅ ስፌት ከወንበር ሥር አይገባም፤ ከላይ ካለው ሣጥን ውስጥ ቢገባም ሌላው መንገደኛ ሻንጣውን ሲገፋበት ይጨማደዳል። ትንንሾቹን ስፌቶች አንዱን በአንዱ ውስጥ ደርድሮ፣ ውስጣቸውን በልብስ ሞልቶ፣ በሚመዘገበው ሻንጣ መሃል ማስቀመጥ ይሻላል። የሻንጣ ክፍያውን ቲኬቱን ሲቆርጡ ይክፈሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዋጋው ይንራል።

የትኛውን ወንበር ልምረጥ?

የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ያለበት ረድፍ የጉልበት ቦታው ሰፊ ነው፤ ሆኖም ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና በሩን ለመክፈት አቅም የሌላቸው ሰዎች እንዲቀመጡበት አይፈቀድም። ከበሩ ፊት ያለው ረድፍ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ አይጋደምም። የመጨረሻዎቹ ረድፎች መጸዳጃ ቤት አጠገብ ስለሆኑ ሰልፉ ይረብሻል። በ737 ላይ ደግሞ መስኮት ዳር ተብሎ ተከፍሎበት መስኮት የሌለው ወንበር አለ፤ የአየር ማቀዝቀዣው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ስለሚያልፍ ነው፤ በራያንኤር 11ኤ በዚህ የታወቀ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አባትና እናት መተላለፊያ ዳር ይያዝላቸው፤ ደጋግመው ተነስተው እንዲንቀሳቀሱ ያመቻቸዋል። ዊልቸር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ከበረራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ይነገር፤ የድሬዳዋውንም የቦሌውንም ለየብቻ ማስመዝገብ እንዳይረሳ።

ለወንበር ከፍዬ አውሮፕላኑ ቢቀየርስ?

አውሮፕላኑ ሲቀየር የረድፎቹ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ኮምፒውተሩ መንገደኞችን እንደገና ያደላድላል፤ የከፈሉበት ሰፊ ረድፍ በአዲሱ አውሮፕላን ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። አየር መንገዶች በውላቸው ላይ ለአንድ የተወሰነ ወንበር ዋስትና እንደማይሰጡ ይጽፋሉ፤ የሸጡትን አገልግሎት ካላቀረቡ ግን ለወንበሩ የተከፈለውን ተጨማሪ ገንዘብ አብዛኞቹ ይመልሳሉ። ገንዘቡ ግን ሳይጠየቅ ተመልሶ አይመጣም፤ የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ የመጀመሪያውን የወንበር ቁጥርና በመጨረሻ የተሰጠዎትን የመሳፈሪያ ካርድ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ቲኬቱን የቆረጡት በቲኬት ቢሮ በኩል ከሆነ ጥያቄውን የሚያቀርበው ቢሮው ነው። ከበረራው አንድ ቀን በፊት ቼክ ኢን ሲያደርጉ የወንበር ካርታውን መመልከት ደግሞ ለውጡን ቦሌ ሳይደርሱ ለማወቅ ያስችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ጥሩ ወንበር ለመምረጥ ገና ጊዜ አለዎት።